ከአስቤስቶስ ጋር የተያያዘ ካንሰር፦ ምልክቶቹና የምርመራው ሂደት

አስቤስቶስ በሚባለው ማዕድን ብናኝ ምክንያት የሚመጣ ካንሰር ከብዙ ሕመሞች የሚለይበት አንድ ዋና ጠባይ አለው፤ ብናኙ ወደ ሰውነት ከገባበት ጊዜ አንሥቶ ሕመሙ እስኪገለጥ ድረስ ብዙ ዓመታት ይወስዳል። ይህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ይደርሳል። በዚህም ምክንያት ታካሚው ሐኪም ፊት በሚቀርብበት ወቅት ለሕመሙ መነሻ የሆነውን ሥራ ትቶት፣ ጡረታ ወጥቶ ወይም ጨርሶ ረስቶት ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹም ከሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ)፣ ከሳንባ ምችና ከልብ ሕመም ምልክቶች ጋር ይመሳሰላሉ። ስለሆነም በሽታው በጊዜ ሊታወቅ የሚችለው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ታካሚው የቀድሞ ሥራውንና መኖሪያውን በዝርዝር ሲናገር፣ ሐኪሙም ከታመመው የሰውነት ክፍል ናሙና ተወስዶ እንዲመረመር ሲያዝ።

ይህ ጽሑፍ የበሽታውን ምንነት፣ ተጋላጭ የሆኑ ሰዎችን፣ ምልክቶቹንና የምርመራውን ደረጃዎች ያስረዳል። የሐኪምን ምክርና ምርመራ ግን አይተካም።

አስቤስቶስ ምንድን ነው?

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ፣ እንደ ክር በሚሰነጠቅ ቀጭን ጭረት የተሠራ የማዕድናት ቡድን የጋራ ስም ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ማዕድናት ስድስት ሲሆኑ፣ በብዛት ለገበያ የዋሉት ነጩ (ክሪሶታይል)፣ ሰማያዊው (ክሮሲዶላይት) እና ቡናማው (አሞሳይት) ናቸው። እሳትን፣ ሙቀትንና ኬሚካልን የሚቋቋም፣ ዋጋውም ርካሽ በመሆኑ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዓለም ዙሪያ ለጣሪያና ለግድግዳ ክዳን፣ ለውኃ ቧንቧ፣ ለቦይለርና ለእንፋሎት መሥመር መሸፈኛ፣ ለመርከብና ለባቡር ሥራ፣ ለተሽከርካሪ ፍሬን ሸራና ለፍሪሲዮን አገልግሏል።

ጉዳቱ የሚመጣው ዕቃው ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲፈገፈግ፣ ሲሰበር ወይም በእርጅና ሲፈረፈር ነው። በዚህ ጊዜ በዓይን የማይታዩ ጭረቶች በአየር ላይ ይበተናሉ፤ ሰው ሲተነፍስም ወደ ሳንባው ጥልቅ ክፍል ይገባሉ። ሰውነት ብዙዎቹን ሰብሮ ማስወገድ ስለማይችል በሳንባና በሽፋኑ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጠው ቁስለትና የሕዋስ ለውጥ ያስከትላሉ። ብናኙ ሽታ የለውም፤ ሲገባም ወዲያው የሚያስል ወይም የሚያሳምም አይደለም። በመሆኑም አንድ ሰው መጋለጡን በጊዜው ላያውቅ ይችላል።

አስቤስቶስ የሚያስከትላቸው ካንሰሮች

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነቶች በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ አረጋግጧል። ማስረጃው የተሟላባቸው ካንሰሮች አራት ናቸው።

1. ሜሶቴሊዮማ፦ የውስጥ አካላትን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ካንሰር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሳንባ ሽፋን ሲሆን፣ ከሆድ ዕቃ ሽፋንም ሊነሣ ይችላል። ከልብ ሽፋንና ከወንድ የዘር ፍሬ ሽፋን የሚነሣው እጅግ ጥቂት ነው። በሌላ ምክንያት የሚመጣበት ጊዜ አነስተኛ በመሆኑ ሜሶቴሊዮማ በታየበት ሁሉ የአስቤስቶስ ጉዳይ መጠየቅ አለበት።

2. የሳንባ ካንሰር፦ በሲጋራ ምክንያት ከሚመጣው የሳንባ ካንሰር በመልኩ አይለይም። አስቤስቶስና ሲጋራ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አደጋው እጅግ ይጨምራል። በአንጻሩ ሲጋራ ማጨስ በሜሶቴሊዮማ የመያዝን ዕድል አይጨምርም።

3. የማንቁርት ካንሰር።

4. የእንቁላል ዕጢ (ኦቫሪ) ካንሰር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሥራ ላይ በሚደርስ የአስቤስቶስ ተጋላጭነት በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች በዓለም ላይ ይሞታሉ።

ካንሰር ያልሆኑ የአስቤስቶስ ጉዳቶችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ አስቤስቶሲስ የሚባለው የሳንባ ጠባሳ ሲሆን፣ ሌላው በሳንባ ሽፋን ላይ የሚታይ ጠጣር ንጣፍ ነው። እነዚህ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ላይ መታየታቸው ካንሰር አለ ማለት አይደለም። ሆኖም ሰውየው ቀደም ሲል መጋለጡን ስለሚያመለክቱ ለሐኪሙ ጠቃሚ መረጃዎች ናቸው።

በሽታው ከቲቢ ጋር ሲምታታ፦ የደቡብ አፍሪካ ልምድ

በሜሶቴሊዮማና በአስቤስቶስ መካከል ያለው ግንኙነት በግልጽ የታወቀው በደቡብ አፍሪካ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኪምበርሊ ከተማ በሚገኝ የቲቢ ሆስፒታል ውስጥ ሳንባቸው ውኃ የቋጠረ ብዙ ታካሚዎች ይታከሙ ነበር። አብዛኞቹ በቲቢ መድኃኒት ሲሻላቸው፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ ከሚገኘው የአስቤስቶስ ማዕድን አካባቢ የመጡ አንዳንድ ታካሚዎች ግን መድኃኒቱን ወስደው አልተሻላቸውም። የሆስፒታሉ ሐኪም ስሌግስ፣ የፓቶሎጂ ባለሙያው ዋግነር እና የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ማርሻን ናሙናዎቹን መርምረው በ1960 (እ.ኤ.አ.) 33 የሜሶቴሊዮማ ታካሚዎችን ዝርዝር አሳተሙ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ለሰማያዊው አስቤስቶስ ሳይጋለጡ እንዳልቀሩ ታወቀ። ብዙዎቹ የማዕድን ሠራተኞች አልነበሩም፤ በልጅነታቸው በማዕድኑ አቅራቢያ የኖሩ ነበሩ።

ይህ ታሪክ ቲቢ በስፋት በሚታይባቸው አገሮች ሁሉ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ዛሬም የሚሠሩ ሁለት ትምህርቶችን ይሰጣል። አንደኛ፣ በቲቢ መድኃኒት ያልተሻለው የሳንባ ሽፋን ፈሳሽ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛ፣ «የት ሠራህ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የት ኖርህ? ከማን ጋር ኖርህ?» የሚሉት ጥያቄዎችም መነሣት አለባቸው።

ተጋላጭ የሚሆኑት እነማን ናቸው?

ቀደም ባሉት ዓመታት በሚከተሉት ሥራዎች የተሰማሩ ሰዎች ከሌላው ኅብረተሰብ ይልቅ ተጋላጭ ናቸው።

- በግንባታና በሕንፃ ማፍረስ ሥራ፣ በተለይም የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ጣሪያ፣ ግድግዳ ወይም ቧንቧ የቆረጡ፣ የበሱ ወይም የሰበሩ፤
- በቧንቧ፣ በኤሌክትሪክና በአናጢነት ሥራ በአሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ የሠሩ፤
- በፋብሪካ ቦይለር፣ ምድጃና የእንፋሎት መሥመር ተከላና ጥገና ላይ የሠሩ፤
- በጋራዥ ውስጥ የፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን የፈገፈጉ ወይም ብናኙን በኮምፕሬሰር አየር ያጸዱ፤
- በመርከብ፣ በወደብና በባቡር ጥገና የሠሩ፤
- የአስቤስቶስ ዕቃዎችን በሚያመርት ፋብሪካ ወይም በማዕድን ማውጫ የሠሩ።

በውጭ አገር፣ በግንባታ፣ በመርከብ ጥገና ወይም በፋብሪካ ሠርተው የተመለሱ ወይም በዚያው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህንኑ ለሐኪማቸው ሊናገሩ ይገባል። አስቤስቶስ የታገደው በተለያዩ አገሮች በተለያየ ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ ብሪታንያ በ1999፣ ደቡብ አፍሪካ በ2008 (እ.ኤ.አ.) አግደውታል። ከዕገዳው በፊት የተሠሩ ሕንፃዎችና ማሽኖች ግን ከዚያ በኋላም አገልግሎት ላይ ይቆያሉ።

ተጋላጭነት በሠራተኛው ብቻ አይወሰንም። በብናኝ የተሸፈነ ቱታ ያጠቡ ሚስቶችና እናቶች፣ አባታቸው ከሥራ ሲመለስ ያቀፉት ልጆች፣ እንዲሁም በፋብሪካ ወይም በማዕድን አቅራቢያ የኖሩ ሰዎች በሜሶቴሊዮማ ሊያዙ እንደሚችሉ ተረጋግጧል። የተጋለጠ ሰው ሁሉ ግን አይታመምም፤ አብዛኞቹ የተጋለጡ ሰዎች ካንሰር አይዛቸውም። አደጋው ከብናኙ መጠንና ከተጋለጡበት ዘመን ርዝመት ጋር ይጨምራል።

ምልክቶቹ

ምልክቶቹ ቀስ በቀስ የሚመጡ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ በዕድሜ ወይም በድካም ይመካኛል። በሳንባና በሳንባ ሽፋን ላይ የሚነሣ ካንሰር የሚከተሉትን ምልክቶች ሊያሳይ ይችላል፦

- ቀድሞ የማያስቸግር ሥራ ወይም ዳገት ሲያስተነፍስ፣ ይህም ከሳምንት ሳምንት ሲጨምር፤
- በአንድ ወገን የሚሰማ የማያቋርጥ የደረት፣ የጎን ወይም የትከሻ ሕመም፤
- ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ወይም የቆየ ሳል ጠባዩን ሲለውጥ፤
- ደም የቀላቀለ አክታ፤
- ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የሌሊት ላብና ከባድ ድካም።

በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ሲነሣ የሆድ መነፋትና በፈሳሽ መወጠር፣ የሆድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና የአንጀት ልማድ መለወጥ ይታያሉ። በሴቶች ላይ እነዚሁ ምልክቶች የእንቁላል ዕጢ ካንሰርን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ የመዋጥ ችግር ወይም በአንገት ላይ የወጣ እብጠት ደግሞ ማንቁርት እንዲመረመር ምክንያት ነው።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ብቻውን ካንሰር መኖሩን አያረጋግጥም። ብዛት ያለው ደም መትፋት፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መጥቆር ወይም የፊትና የአንገት እብጠት ሲኖር ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ቲቢ ወይስ ሌላ በሽታ?

ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስና በሳንባ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ መቋጠር የቲቢም ምልክቶች ናቸው። በአገራችን ከካንሰሩ ይልቅ ቲቢ በብዙ እጥፍ ስለሚበዛ፣ ሐኪም በቅድሚያ ቲቢን መመርመሩ ተገቢ ነው። ለዚህም የአክታና የፈሳሽ ምርመራ፣ ጂን ኤክስፐርትን ጨምሮ፣ ይታዘዛል። ቲቢ የተገኘበት ታካሚ መድኃኒቱን በታዘዘለት መሠረት ሳያቋርጥ መጨረስ አለበት።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የቲቢ ጀርም ሳይገኝ በምልክት ብቻ ሕክምና ሲጀመር ነው። በሜሶቴሊዮማ የሚመጣው ፈሳሽ በላቦራቶሪ ሲታይ የቲቢን ፈሳሽ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ታካሚው የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ ፈሳሹ ተመልሶ ከሞላ፣ ሕመሙ ከጨመረ ወይም ክብደቱ መቀነሱን ከቀጠለ፣ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ሳያቋርጥ ወደ ሐኪሙ ተመልሶ የፈሳሹ ምክንያት እንደገና እንዲጣራ መጠየቅ ይገባዋል።

የምርመራው ደረጃዎች

1. ታሪክ መጠየቅና አካላዊ ምርመራ። ሐኪሙ ስለ ምልክቶቹ፣ ስለ ሥራና መኖሪያ ታሪክ፣ ስለ ሲጋራ ማጨስና ስለ ቤተሰብ የካንሰር ታሪክ ይጠይቃል፤ ደረትን ያዳምጣል፣ እብጠቶችን ይፈትሻል።

2. የደረት ራጅ። ፈሳሽን፣ የሽፋን መወፈርንና በሳንባ ላይ ያለ ጥላን ያሳያል። ነገር ግን በጅምር ላይ ያለ ካንሰር በራጅ ላይታይ ስለሚችል፣ ራጁ ደኅና ሆኖ ምልክቱ ከቀጠለ ጉዳዩ አልተዘጋም ማለት ነው።

3. አልትራሳውንድና ፈሳሽ መቅዳት። በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ፈሳሽ ይቀዳል። ይህ ታካሚውን ከትንፋሽ ማጠር ያሳርፈዋል፤ ለላቦራቶሪም ናሙና ይሰጣል። በፈሳሹ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ አለመገኘቱ ግን ካንሰር የለም ለማለት አያበቃም፤ ሜሶቴሊዮማ በፈሳሽ ምርመራ ብቻ ብዙ ጊዜ አይታወቅምና።

4. ሲቲ ስካን። በደም ሥር ከሚሰጥ ንጥረ ነገር ጋር ሲነሣ የሽፋኑን ውፍረት፣ የእጢውን ቦታና ስፋት፣ ናሙና ሊወሰድበት የሚገባውንም ስፍራ ያሳያል። የኩላሊት ሕመም፣ የስኳር ሕመም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሊናገር ይገባል።

5. ባዮፕሲ (ናሙና መውሰድ)። ቁርጥ ያለውን መልስ የሚሰጠው ይህ ምርመራ ነው። ናሙናው በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን በሚመራ መርፌ፣ በደረት ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ፣ ለሳንባ ካንሰር ደግሞ በአየር ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ ይወሰዳል።

6. የፓቶሎጂ ምርመራ። የፓቶሎጂ ባለሙያው ሕዋሱን በአጉሊ መነጽር ያያል። ሜሶቴሊዮማና ወደ ሳንባ ሽፋን የተዛመተ ሌላ ካንሰር በመልክ ስለሚመሳሰሉ፣ ሕዋሱን በልዩ ማቅለሚያ የሚለይ ተጨማሪ ምርመራ (ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ) ያስፈልጋል። በዚህም የበሽታው ዓይነት ይታወቃል፤ ኤፒተሊዮይድ የሚባለው ዓይነት ሳርኮማቶይድ ከሚባለው ይልቅ የተሻለ ተስፋ አለው፤ ሁለቱን የቀላቀለም አለ።

7. የስርጭት ደረጃ መለየት። ካንሰሩ ከተረጋገጠ በኋላ የት ድረስ እንደ ደረሰ በተጨማሪ ምርመራዎች ይጣራል፤ ሕክምናውም በዚሁ መሠረት ይወሰናል።

አንዳንድ ታካሚዎች «ናሙና ከተወሰደ ካንሰሩ ይስፋፋል» በሚል ስጋት ባዮፕሲን ይሸሻሉ። በሜሶቴሊዮማ መርፌው በገባበት ቦታ እብጠት አልፎ አልፎ ሊወጣ ይችላል፤ መድማትና ወደ ደረት አየር መግባትም ሊያጋጥሙ የሚችሉ ጉዳቶች ናቸው። ሐኪሙ እነዚህን ለታካሚው አስረድቶ ፈቃዱን መጠየቅ አለበት። ይሁን እንጂ ያለ ናሙና ትክክለኛውን በሽታ ማወቅም ትክክለኛውን ሕክምና መጀመርም ስለማይቻል፣ ምርመራውን መተው የሚያስከትለው ጉዳት ይበልጣል።

ምልክት የሌለው ሰው ምን ማድረግ አለበት?

ሜሶቴሊዮማን ምልክት ሳይታይ በፊት በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያገኝ የደም ወይም የራጅ ምርመራ እስከ አሁን የለም። በመሆኑም የተጋለጠ ሰው በየጊዜው ራጅ ከመነሳት ይልቅ መጋለጡን በሕክምና መዝገቡ ላይ ማስመዝገብ፣ አዲስ ምልክት ሲታይ ፈጥኖ መመርመርና ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ማቆም ይጠቅመዋል። ሲጋራ ማቆም በሳንባ ካንሰር የመያዝን አደጋ በእርግጥ ይቀንሳል።

ወደ ጤና ተቋም ሲኬድ ሊያዙ የሚገባቸው መረጃዎች

ሐኪም በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁሉንም ላይጠይቅ ስለሚችል፣ ታካሚው ወይም ቤተሰቡ የሚከተሉትን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማስፈር ይጠቅማል።

- ከመጀመሪያው ሥራ ጀምሮ የሠራባቸው ቦታዎች፣ የሥራው ዓይነትና ዓመተ ምሕረቱ፤ ለጥቂት ወራት የተሠራ የቀን ሥራም ቢሆን አይተውም፤
- በሥራው ላይ ብናኝ ይኖር እንደ ነበረና የፊት መሸፈኛ ይሰጥ እንደ ነበረ፤
- የወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ የኖረ ሰው ሥራ፤
- በልጅነት የኖረበት አካባቢ፣ በአቅራቢያው የነበረ ፋብሪካ ወይም ማዕድን፤
- ቀደም ሲል የተነሡ ራጆችና ሲቲ ስካኖች፣ የላቦራቶሪና የፓቶሎጂ ውጤቶች፤
- የተወሰዱ መድኃኒቶች፣ የቲቢ ሕክምና ከነበረ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን።

አገልግሎቱ የሚጀመረው በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ በሪፈር ወረቀት ወደ አጠቃላይና ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይተላለፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ይህን ቅደም ተከተል ጠብቀው መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው መቅረብ አለባቸው። የፓቶሎጂ ውጤት ሲደርስ ታካሚው ግልባጩን መጠየቅና በጥንቃቄ ማስቀመጥ ይገባዋል።

ከውጤቱ በኋላ

ሜሶቴሊዮማ ከባድ በሽታ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ታካሚዎች ላይ ፈጽሞ የሚድን አይደለም። ነገር ግን ሕክምና የለውም ማለት አይደለም። እንደ በሽታው ዓይነትና ደረጃ የኬሞቴራፒ፣ የኢሚዩኖቴራፒ፣ የጨረርና ለተመረጡ ታካሚዎች የቀዶ ሕክምና አማራጮች አሉ። ፈሳሹ ተመልሶ እንዳይሞላ ማድረግ፣ ሕመምን ማስታገስና ትንፋሽን ማቅለል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሰጡ ሕክምናዎች ናቸው። የሳንባ፣ የማንቁርትና የእንቁላል ዕጢ ካንሰሮች ደግሞ በጊዜ ከተደረሰባቸው የመዳን ዕድላቸው ከፍ ይላል።

በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ይቆጠራል። የመንግሥት ሠራተኞች ጉዳይ በሚመለከታቸው ሕጎች ይታያል። ስለዚህ ሐኪሙ በሽታው ከሥራ ጋር ያለውን ግንኙነት በሕክምና ማስረጃው ላይ እንዲያሰፍር መጠየቅ፣ የቅጥር ደብዳቤዎችንና የሥራ ልምድ ማስረጃዎችንም መሰብሰብ ያስፈልጋል። የመብት ጥያቄ የጊዜ ገደብ ስላለው መዘግየት አይገባም። በውጭ አገር የተጋለጠ ሰውም በዚያው አገር ሕግ የሚጠበቅለት መብት ሊኖር ስለሚችል ማስረጃዎቹን ሊጥላቸው አይገባም።

ሌሎችን ከተጋላጭነት ለመጠበቅ

አሮጌ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ክዳን ካልተሰበረና ካልተነካ አደጋው ዝቅተኛ ነው። መጋዝ፣ መብሳት፣ መፈግፈግና በደረቁ መጥረግ ግን ብናኙን ያስነሣሉ። መፍረስ ወይም መነሣት ሲኖርበት ሥራውን በሚያውቁ ሰዎች፣ በውኃ እየረጠበ፣ ሳይሰባበርና ተገቢው የመተንፈሻ መከላከያ ተደርጎ መከናወን አለበት። ተራ የጨርቅ ጭምብል ይህን ብናኝ አያግድም። በጋራዥ ውስጥ የፍሬን ብናኝ በአየር ከመንፋት ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የሥራ ቱታ በሥራ ቦታ ይወለቃል፤ ከቤተሰብ ልብስ ጋርም አይታጠብም።

ዛሬ የሚወሰድ ጥንቃቄ ውጤቱ የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ቀደም ሲል የተጋለጠ ሰው ደግሞ አዲስ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ሲሰማው የሚያደርገው የመጀመሪያ እርምጃ ቀላል ነው፤ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ «ቀድሞ በአስቤስቶስ ብናኝ ውስጥ ሠርቻለሁ» ወይም «ከሚሠራ ሰው ጋር ኖሬአለሁ» ብሎ መናገር።